የመጀመሪያውን ሌሊት ሳነቴ ላይ ማደር ይቻላል?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ታቦር ተራራን በየሳምንቱ ስለምንወጣ ዳገት አይከብደንም። በጥር ወር ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተጉዘን፣ በደረስንበት ማታ ሳነቴ አምባ ላይ ድንኳን ተክለን ለማደር አቅደናል። ለጥበቃም ውሻችንን ልንወስድ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥር በባሌ ደረቅ ወቅት ስለሆነ ወሩን በሚገባ መርጣችኋል። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳነቴ ላይ ማደሩን ግን እንድትተዉት አጥብቄ እመክራችኋለሁ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሳነቴ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተዘረጋ አምባ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከምናገኘው ከሁለት ሦስተኛ ያነሰ ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናት እንጂ በሰዓታት አይደለም፤ ታቦርን መልመዳችሁም ከከፍታ ሕመም አያድናችሁም።

ስለዚህ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል መጥታችሁ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት በዲንሾ ሁለት ሌሊት እደሩ። እርሷም 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኮሶና በጥድ ዛፎች መካከል የሚግጠውን የደጋ አጋዘን በእግር እየሄዳችሁ ስለምታዩ ቀኑ አይባክንባችሁም። በሦስተኛው ቀን በጎባ በኩል ሳነቴ ወጥታችሁ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን አይታችሁ፣ ለአዳር ጎባ ውረዱ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ ከዚያ በላይ አትውጡ፤ የሚንገዳገድ፣ የሚዘባርቅ ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው ካለ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዩ ወደ ቆላው አውርዱት። በጥር ሌሊት በሃይላንድ የተቀመጠ ውኃ በረዶ ሠርቶ ሊያድር ስለሚችል ወፍራም ልብስ አይጉደላችሁ።

ውሻውን እባካችሁ ቤት ተዉት። ከአገራችን በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ሲሆን ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በባሌ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ ተላላፊ በሽታ ከውሾች እየተዛመቱ በተደጋጋሚ ፈጅተውታል። ለጥበቃ ከዲንሾ አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚና ስካውት ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ጠዋት ቀበሮው የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ ሲያደባ ካያችሁት ባላችሁበት ቁሙ፤ ለፎቶግራፍ ብላችሁ ከተጠጋችሁት ፍልፈሉ ይገባበትና ሳይበላ ይውላል።