ሰኞ እመጣለሁ ያልኩት ደብተር

ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ ቡና ላይ ያዘችኝ። እዚህ ስዊድን፣ ጎተቦርግ፣ ቻልመርስ የሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ የአንዲት የወደብ ከተማ የምሕንድስና አቅም ለአካባቢው ፈጠራ ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ወንዙ ዳር ያለውን የቴክኖሎጂ ድርጅቶች መንደር፣ ሊንድሆልመን ሳይንስ ፓርክን ስትዞር ከርማለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ እዚያ ቦታ ከዚህ ሁሉ የመስታወት ሕንፃ በፊት ምን ነበር?»

«መርከብ ይሠራበት ነበር» አልኳት። መልሱ ይኸው ነው፣ አለቀ። ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ካርታ ላይ ጎተቦርግ የምትባለው፣ እኛ የአገሩን ሰው ሰምተን ዮተቦሪ የምንላት ከተማ የስዊድን ሁለተኛ ከተማ ናት። ምዕራቡ ጠረፍ ላይ፣ ዮታ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ ነው ያለችው። ስዊድን በመርከብ ሥራ ከጃፓን ቀጥላ የምትጠራበት ዘመን ነበር። የዚያ ሥራ ልቡ እዚህ ወንዝ ዳር ነበር የሚመታው። ከዚያ የ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ትልልቅ ነዳጅ ጫኝ መርከብ የሚያዝ ሰው ጠፋ። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ።

እኔ የደረስኩት ለቀብሩ ነው። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ጀምሬ፣ ሱዳን ቆይቼ፣ እዚህ መጥቼ ቋንቋውን እየተኮላተፍኩ እንደ ምንም ተመረቅኩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያ ሥራዬን አገኘሁ። ጊዜያዊ ነው። ሊዘጋ የተቃረበ የመርከብ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ቆጠራ። ስሙን አልጠራም። ሥራዬ ሁለት ጥቅል ምልክት ይዞ መዞር ነበር። አረንጓዴው ይሸጣል፣ ቢጫው ይጣላል። ወጣት ነበርኩ፤ ክራቫት አስሬ ነበር የምሄደው። አዎ፣ መርከብ ፋብሪካ ውስጥ በክራቫት።

አንድ ሐሙስ ቀን አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ጠሩኝ። በስዊድንኛ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው የሚባለው። እዚህ ግን «እሳቸው» ብዬ ካልጻፍኩ ብዕሬ አይሄድልኝም። ሥራቸው ላሜራ ማጉበጥ ነበር። የመርከብ አፍንጫ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሁለት በኩል የታጠፈ ነው፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት። ያንን በመጭመቂያ ማሽን (ፕሬስ) ብቻ አታወጡትም። እሳቸው የጋዙን እሳት ይዘው ሃያ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሄዳሉ። ረዳታቸው ከኋላ በጎማ ውኃ ያፈስበታል። እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው። ላሜራው የተቃጠለበት ጎን ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይጎብጣል። መዶሻ የለም። ማሽን የለም። አንድ መስመር፣ ሌላ መስመር፣ ከዚያ ትንሽ ቆም። በመጨረሻ ከስስ እንጨት የተሠራውን የቅርጽ መለኪያ አምጥተው አስቀመጡበት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በእንጨቱና በላሜራው መካከል ብርሃን አያልፍም።

«የት መስመር እንደሚሳል እንዴት አወቅህ?» አልኳቸው።

ከቱታቸው ኪስ ደብተር አወጡ። ሽፋኑ በግራሶ ጠቁሯል። ውስጡ በእርሳስ የተሳለ ነው፤ የላሜራው ውፍረት፣ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ርቀት፣ እጅ በደቂቃ ስንት ሴንቲሜትር መሄድ እንዳለበት። ክረምትና በጋ ሳይቀር ለየብቻ ተጽፏል፤ ብርድ ቀን ላይ እጅ ይዘገያል። የአርባ ዓመት ሥራ ነው። «ልጄ ባንክ ነው የሚሠራው፤ ላንተ ይሁን?» አሉኝ። ገጾቹን ሊያስረዱኝ ሰኞ ከምሳ በኋላ ና አሉኝ።

«ሰኞ እመጣለሁ» አልኩ።

ሰኞ ሌላ ቦታ የሥራ ቃለ መጠይቅ መጣ። በኮምፒውተር ንድፍ የሚሠራ ቢሮ ነበር። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ለእኛ ምን እንደነበር ለእናንተ ማስረዳት ይከብደኛል። ሥራውን አገኘሁ። ሐሙስ ተመልሼ ስሄድ የእሳቸው ጠረጴዛ ባዶ ነበር። የእንጨት መለኪያዎቹ ኮንቴይነር ውስጥ ተቆልለው ዝናብ ይመታቸዋል። ቢጫ ምልክት ተለጥፎባቸዋል። የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ገና ሰውየውን ሳላውቃቸው፣ ባለፈው ሳምንት።

ከስምንት ዓመት በኋላ የከባድ መኪና አካል በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። ሻሲው ተበይዶ ሲወጣ ሦስት ሚሊሜትር ይጣመማል። ስድስት ወር ታገልን። ኮምፒውተር ላይ አስልተን ሞከርን፣ አማካሪ ቀጠርን። በመጨረሻ የብየዳውን ቅደም ተከተል ቀይረን፣ የተጣመመውንም በተቃራኒው ጎን በእሳት መስመር እያሞቅን አቃናነው። እሳት፣ መስመር፣ ውኃ። ደብተሩ ቢኖረኝ ይጠቅመኝ ነበር? ሐቁን ለመናገር እርግጠኛ አይደለሁም፤ ብረቱም ውፍረቱም ሌላ ነው። መስመሩ የት ይሳል የሚለው ጥያቄ ግን ያው ነበር።

ለዚህ ነው ሰው ስለ ሊንድሆልመን ሲያወራ ከመስታወቱ ሲጀምር ደስ የማይለኝ። ይህች ከተማ ፈጠራ የጀመረችው በጭቃ ነው። ቀልድ አይደለም። ጋምለስታደን በሚባል ሰፈር ውስጥ የጥጥ ፋብሪካ ነበር። መሬቱ ሸክላ አፈር ነው፤ ሕንፃው እኩል አይሰምጥም። ማሽኖቹን የሚያዞረው ረጅም ዘንግ ይዛነፋል፣ ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ይቃጠላል። የጥገናው መሐንዲስ ስቬን ቪንግክቪስት በዚህ ተማረረ። በ1907 ዘንጉ ቢዘም አብሮ የሚዘም፣ ሁለት ረድፍ ኳስ ያለው ኩሽኔታ ሠራ። የኩሽኔታ ኩባንያው ኤስኬኤፍ ከዚያ ተወለደ። የኤስኬኤፍ ገንዘብ ደግሞ የመኪና ፋብሪካውን ቮልቮን ወለደ። በ1927 የመጀመሪያዋ መኪና ወጣች። ቮልቮ ራሱ በላቲን «እሽከረከራለሁ» ማለት ነው፤ መጀመሪያ ለኩሽኔታ የተመዘገበ ስም ነበር።

እኛ አገር ደግሞ ዋልካ አለ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የስንቱን ቤት ግድግዳ ከፍሏል። አባቴ በየዓመቱ ስንጥቁን በጭቃ ይመርጉት ነበር። «ወደብ የለንም» የሚለኝ ወጣት ሲበዛ ዋልካውን አስታውሳለሁ። ባሕር ዋናው ነገር አይመስለኝም። ግን ደግሞ ውሸት መናገር አልፈልግም፤ ባሕር ይረዳል። መርከብ ሲመጣ ችግርም፣ ሰውም፣ ገንዘብም ይዞ ይመጣል። ቻልመርስ ራሱ በ1829 የተከፈተው፣ የምሥራቅ ሕንድ ንግድ ኩባንያ ዳይሬክተር በነበረ ሰው ኑዛዜ ገንዘብ ነው።

እንግሊዝኛ ተማሩ፣ ሒሳብ አትተዉ የሚለውን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። የዛሬ ልጆች «ኢኖቬሽን» የሚል ቃል የሌለበት ስላይድ አትሠሩም። ጋራዥ ግቡ ስትባሉ ግን ጫማችሁን ታያላችሁ። ምሳችሁን ከመብላታችሁ በፊት ፎቶ ታነሣላችሁ፤ የበያጁን እጅ የሚያነሣ አላየሁም። ልቆጣ አልነበረም፣ ይቅርታ። ክራቫቴን አስታውሱና ሳቁብኝ።

ደግሞም ራሴን ልቃወም። የገዛ ልጄን ሶፍትዌር አጥኚ ያልኳት እኔ ነኝ። የጭነት መኪና ፕሮግራም ትጽፋለች፣ እጇ ንጹሕ ነው፣ ደስ ይለኛል። ፋብሪካዎቹ ባይዘጉ ኖሮ ይሻል ነበር የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ፤ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። በ2015 ከቻልመርስ ሊንድሆልመን የሚመላለስ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሲጀመር ሄጄ ተሳፍሬያለሁ። ጭስ ስለሌለው ፌርማታው ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሶፋና መጽሐፍ መደርደሪያ ካለበት ክፍል አውቶቡስ ገብቶ ሲቆም እንደ ሕፃን ነው የሳቅኩት።

ልጅቷን ባለፈው እሑድ ወንዙን አሻግሬ ወሰድኳት። በጀልባ ነው የሄድነው። መርከቦቹ ወደ ውኃ የሚንሸራተቱበትን ቦታ አሳየኋት። ላሜራው እንዴት እንደሚጎብጥ ስትጠይቀኝ የቡና ቤቱን ናፕኪን አጣጠፍኩላት፤ አልሆነም፣ ናፕኪን ነው። ከዚያ «የሰውየው ስም ማን ነበር?» አለችኝ። ቱታቸው ላይ ተሰፍቶ ነበር። አላነበብኩትም።

የምትኖርበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ የዘጠና ዓመት ጡረተኛ እንዳሉ ነገረችኝ። በያጅ ነበሩ አሉ፣ የመርከብ። ደብዳቤ ስትወስድ ደረጃ ላይ ነው የተዋወቋት። ቅዳሜ እንሂድ ስላት አሳይንመንት አለብኝ አለች። ዛሬ ማታስ አልኳት። ስልኳን አውጥታ ደወለችላቸው፤ የቀረፋ ዳቦ ይዛችሁ ኑ አሉን።