43 እንዴት 30 ሆነ?

ጥያቄ፦ ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። ቁጥርን ወደ ቅርብ አስር ማጠጋጋት ተምራ «5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጨምር፣ ከ5 በታች ከሆነ ቀንስ» የሚለውን በቃሏ ይዛዋለች። 47ን አጠጋጊ ስላት በትክክል 50 ትላለች፤ 43ን ግን 30 ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጅዎ ደንቡን አልረሳችም፤ እንደተነገራት ነው የፈጸመችው። «ቀንስ» ተባለ፣ ከ4ቱ አስሮች አንዱን ቀነሰች። ጥፋቱ የቃሉ ነው። 43ን ስናጠጋጋ የአስር ቤቱ 4 ባለበት ይቀራል፤ 0 የሚሆነው የአንድ ቤቱ ነው። ደንቡን ለጥቂት ቀን ይተዉትና በገመድ ይጀምሩ።

2 ሜትር ተኩል ገመድ ይዘርጉና በየ20 ሳንቲ ሜትሩ የልብስ መቆንጠጫ ያድርጉበት። የሚያስፈልገው 11 ነው፤ 10 ብቻ ካደረጉ አንዱ ጫፍ ይጎድላል። ጫፎቹ ላይ 40 እና 50፣ መካከሉ ላይ 45 የሚል ወረቀት ይንጠልጠል። ከዚያ «43 በየትኞቹ ሁለት አስሮች መካከል ነው?» ብለው ይጠይቋት። አማርኛችን እዚህ ላይ ያግዛል፦ «አርባ ሦስት» ሲባል የታችኛው አስር ስሙ ውስጥ ይሰማል፤ ቀጣዩ ሃምሳ ነው። 30 ገመዱ ላይ እንደሌለ በዓይኗ ታያለች። ቀጥሎ ከ43 ተነስታ በጣቷ ትቁጠር፤ ወደ 40 ሦስት እርምጃ፣ ወደ 50 ሰባት። የሚቀርበው ይወሰዳል።

45 ላይ ግን በሁለቱም በኩል 5 እርምጃ ነው። ምክንያት ከመፍጠር «ወደ ላይ እንውሰደው ተብሎ ስምምነት ተደርጓል» ማለት ይሻላል። ስምምነቱ ጥቅም አለው፤ በኋላ 351ን ወደ ቅርብ መቶ ስታጠጋጋ የአስር ቤቱን 5 ብቻ አይታ 400 ትላለች፤ 1ዱን ማየት አያስፈልጋትም።

በገመዱ 397ንም ይሞክሩ። ልጆች 9ኙ ላይ 1 ሲጨምሩ 3100 ብለው የሚጽፉት እዚህ ጋ ነው። ጫፎቹ 390 እና 400 ከሆኑ ግን ለስህተቱ ቦታ የለም።

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል ልጄ 446ን ወደ ቅርብ መቶ አጠጋግቶ 500 አለ። አሠራሩን ሳየው ግን ትክክል ይመስላል፤ መጀመሪያ 450፣ ከዚያ 500።

መልስ፦ ሁለቴ ማጠጋጋቱ ነው ያሳሳተው። 446 ከ400 የሚርቀው 46 ነው፣ ከ500 ደግሞ 54። መልሱ 400 ነው። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ቁጥር ይነሳ፤ የሚያጠጋጋበትን ቤት ያስምርበት፣ በቀኙ ያለውን አንድ አኃዝ ብቻ ይክበበው፣ የቀሩትን በእጁ ይሸፍናቸው። 4 ተከቦ ሲያይ ወደ 500 የሚወስደው ነገር አይኖርም።

ወደ ሱቅ ከላኩት ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩት። 43 ብር እና 64 ብር የሚያወጡ ሁለት ዕቃዎች ተጠጋግተው 100 ብር ይሆናሉ፤ ሒሳቡ ግን 107 ነው። ገንዘብ ይዞ ሲወጣ ሁለቱንም ወደ ላይ፣ 50 እና 70 ብሎ ይያዛቸው።