አክስቴን እንዴት ላስቸኩላት?

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመቴ ነው፣ አዳማ አንድ ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ። የተማርኩት ግን ሲቪል ምህንድስና ነው። እሱንም ወድጄ አይደለም። ፎርሙ ላይ አንደኛ የሞላሁት ፋርማሲ ነበር፣ ግን ዘመኑ 70 በመቶው ተማሪ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚመደብበት የ70/30 ስለነበር ምህንድስና ደረሰኝ። አባቴ ደግሞ «ልጄ ኢንጂነር ሊሆን ነው» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ስለነበር ልቀይር ብለው አልሰማኝም። ተመርቄ አንድ ዓመት ሳይት ላይ ሠራሁ፣ ፕሮጀክቱ ቆመ፣ ባንክ ገባሁና በዚያው ቀረሁ። አለቃዬ እድገት የሚሰጠው ለሚወዳቸው ነው። ምሳ የምበላው ለብድር መያዣ ቤት ከሚገምቱት ኢንጂነሮች ጋር ነው፣ እነሱ ስለ ሥራቸው ያወራሉ፣ እኔ ሽሮዬን እበላለሁ። ተስፋዬ አሜሪካ ያለችው አክስቴ ናት። ዜግነት ስላገኘች «ፕሮሰስ እጀምርልሃለሁ» ብላኝ ነበር፣ አሁን ስደውል አታነሳም። እንዴት ላስቸኩላት?

ግራ የገባው፣ ከአዳማ

መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አክስትህን ተዋት። የአሜሪካ ዜጋ በቤተሰብ በኩል ማመልከት የሚችለው ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጆቹ፣ ለወላጆቹና ለወንድም እህቶቹ ነው። የእህት ልጅ የሚባል መስመር የለም። ለእናትህ ብታመለክት እንኳ የእህትና ወንድም ወረፋ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል፣ ከእናትህ ጋር የሚካተቱት ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆች ናቸው። ምስኪኗ ስልክ የማታነሳው ይህን ሰምታ እንዴት እንደምትነግርህ ጨንቋት ይሆናል።

ምደባው እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ስንቱ ነው ያልመረጠው ዲፓርትመንት ውስጥ የገባው። ከተመረቅክ በኋላ ያሉትን ዓመታት ግን ትምህርት ሚኒስቴር አልመደበልህም።

ሽሮው ጋ ስደርስ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ባንክ የመያዣ ቤት እንዲገምትለት የሚፈልገው ማንን ነው? ሲቪል ምህንድስና የተማረ፣ ፕላን የሚያነብ፣ ግንባታው የት ደረጃ ላይ እንደሆነ አይቶ የሚለይ፣ የብረቱንና የኮንክሪቱን መጠን አስልቶ በወቅቱ ዋጋ የሚያባዛ ሰው። ዲግሪው አለህ፣ የሳይት ልምዱ አለህ፣ በዚያ ላይ የባንኩን አሠራር ከውስጥ ታውቃለህ። ለመሆኑ አንድ ቀን እንኳ «የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ንገሩኝ» ብለሃቸዋል? ብለህ ቢሆን ትጽፍልኝ ነበር።

ነገ ምሳ ላይ ጠይቃቸው። ሪፖርቱን እንዴት እንደሚያዘጋጁ፣ ፈተናው ላይ ምን እንደሚመጣ፣ አለቃቸው ማን እንደሆነ። ፕላን የምትሠራበትን ፕሮግራም፣ አውቶካድህን ክፈት። የአንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ፕላን ፈልገህ መጠኑን ራስህ አስላና አንዳቸው ያርሙህ። ዝውውሩን በጽሑፍ ጠይቅ፣ ቅጂው እጅህ ላይ ይቅር። ለቅርብ አለቃህ ብቻ በቃል ብትነግረው እዚያው ተረስቶ ይቀራል፣ እሱን ደግሞ ከእኔ ይበልጥ አንተ ታውቀዋለህ።

እምቢ ካሉህ ሌሎች ባንኮችም ቤት ያስገምታሉ። በሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተህ መልቀቅ ትችላለህ፣ የጡረታ መዋጮህም አዲሱ ቦታ ላይ ይቀጥላል። የሥልጠና ግዴታ ፈርመህ ከሆነ ግን ውልህን አንብብ። የቅጥር ደብዳቤ እጅህ ሳይገባም እንዳትለቅ።

ፋርማሲው ዛሬም የሚቆጭህ ከሆነ እንደገና ጻፍልኝና ስለ እሱ እናወራለን። በዚህኛው ደብዳቤህ ላይ ግን አንዴ ብቻ ነው ያነሳኸው።