«ከሀ ወደ ለ» ወይስ «በሀ እና በለ መካከል»? የግራፍ ጥያቄ በአማርኛ ሲጻፍ

ጥያቄ፦ የቋንቋ ሞዴል (ጽሑፍ አንብቦ በጽሑፍ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የግራፍ ጥያቄዎችን፣ ማለትም በመስመር ስለተገናኙ ነጥቦች የሚጠይቁትን፣ እንዲፈታ ለማሠልጠን የአማርኛ ጥያቄዎች እያዘጋጀሁ ነው። ነጥቦቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ ሰይሜ መስመሮቹን «ከሀ ወደ ለ ግንኙነት አለ» እያልኩ እጽፋለሁ። መስመሮቹ አቅጣጫ የላቸውም፤ ሞዴሉ ግን ከለ ወደ ሀ መሄድ አይቻልም ይላል። ጥፋቱ የአጻጻፌ ነው?

መልስ፦ አዎ። «ከ… ወደ…» መነሻና መድረሻን ይለያል፤ ሞዴሉም የተጻፈለትን አነበበ። «ከሞጆ ወደ ሐዋሳ መንገድ አለ» ሲባል ሰሚ የመልሱንም ጉዞ የሚገምተው መንገድ ወዲያም ወዲህም እንደሚያስኬድ ስለሚያውቅ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አልነገረውም። አቅጣጫ ለሌለው መስመር «ሀ እና ለ በቀጥታ ተገናኝተዋል» ወይም «በሀ እና በለ መካከል መስመር አለ» ይበሉ። «በቀጥታ» የምትለዋ አትቅር። ሞጆና ሐዋሳ ሌሎች ከተሞችን አቋርጠውም «ተገናኝተዋል» ይባላልና፣ ያለእሷ አንድ መስመር ይሁን ረጅም ጉዞ አይታወቅም። ጉዞውን ሲጠይቁ ደግሞ «ከሀ ተነሥቶ ለ መድረስ ይቻላል?» ይበሉ።

ነጥቦቹ ሰዎች ሲሆኑ አማርኛ አቅጣጫውን በግሱ ቅርጽ ይይዛል። «ያውቃል» ባለአቅጣጫ ነው፣ «ይተዋወቃሉ» አቅጣጫ የለውም፤ «ይጽፍላታል» እና «ይጻጻፋሉ»ም እንደዚያው። ሁሉም ግስ ግን እንዲህ አይታዘዝም። ከ«ይከተላል» ተነሥተው «ይከታተላሉ» ቢሉ አንባቢ በተራ መምጣትን ወይም መሰለልን ሊረዳ ይችላል። በማኅበራዊ ሚዲያ እርስ በርስ የሚከተሉ ሁለት ሰዎችን በሁለት ዓረፍተ ነገር መግለጽ ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ «አበበ ከበደን ያውቃል» የሚለው ነው። ይህ «አበበ፣ ከበደን» ሊሆን ይችላል፤ «አበበ ከበደ የተባለውን ሰው ያውቃል» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ስምና የአባት ስም ጎን ለጎን ስለሚጻፉ፣ ባለቤቱም ሳይጠራ መቅረት ስለሚችል። በመጀመሪያው ንባብ ሁለት ነጥቦች አሉ፤ በሁለተኛው ከበደ ከነጭራሹ ነጥብ አይደለም። «ከበደን አበበ ያውቃል» ብሎ መገልበጥ ያድናል። ተሳቢው የሴት ስም ከሆነም («አበበ አልማዝን ያውቃል») የአባት ስም መስሎ አይታይም። «አበበ የሚያውቀው ከበደን ነው» ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሌላ ሰው አያውቅም የሚል ትርጉም ያዝላል፣ ስለዚህ ከአበበ ወደ ሌላ ሰው መስመር እንደሌለም ይናገራል።

መገልበጡ ሌላም ጥቅም አለው። አቅጣጫውን የያዘችው «ን» ናት፤ የስሞቹ ቅደም ተከተል አይደለም። በሁሉም ጥያቄ ባለቤቱ ከቀደመ ሞዴሉ «ን»ን ሳያይ «ፊት የመጣው መነሻ ነው» የሚል አቋራጭ ሊለምድ ይችላል። ሁለቱንም አደራደር ይቀላቅሉ። ዓረፍተ ነገሩን በፕሮግራም የሚሞሉ ከሆነ ከእያንዳንዱ ስም ጋር ጾታውን ያስቀምጡ፤ አለዚያ «ከበደን አልማዝ ያውቃል» ይወጣል፣ «ታውቃለች» መሆን ሲገባው።

ስለ ፊደሎቹ፦ ነጥቦችን በፊደል መሰየሙን ይተዉት። «ለ»፣ «በ»፣ «ከ»፣ «የ» ራሳቸው መስተዋድድ ስለሆኑ «ከከ ወደ በ» የመሰለ ንባብ ይገጥምዎታል። ከዚህ የባሰው የሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ) ፊደላት ነገር ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ለሥልጠና ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ ሐ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ ይቀየራል። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ የተባሉ 7 ነጥቦች ያሉት ግራፍ ከዚህ ሲወጣ 5 ነጥብ ብቻ ይቀረዋል፤ የሐ መስመሮች ሁሉ ለሀ ይተላለፋሉ፣ የመልሱ ቁልፍ ግን የድሮው ነው። በቁጥር («ከነጥብ 3 ወደ ነጥብ 7») ወይም ሞክሼ በሌላቸው አጫጭር ስሞች ይሰይሙ። የታወቁ ከተሞችን ከተጠቀሙ ደግሞ ሞዴሉ የተሰጠውን ግራፍ ትቶ ከሚያውቀው ካርታ ሊመልስ ይችላል።

በአሉታ ላይም ይጠንቀቁ። «ሁሉም ነጥቦች አልተገናኙም» አንዳንዱ ቀርቷል ወይም አንዱም የለም ተብሎ ይነበባል። የመጀመሪያውን ሲፈልጉ «ያልተገናኙ ነጥቦች አሉ»፣ ሁለተኛውን ሲፈልጉ «የተገናኙ ሁለት ነጥቦች የሉም» ብለው ይለዩት። ርዝመትም እንዲሁ ነው፦ «በ2 ነጥቦች አልፎ» ሲባል ጫፎቹ አይቆጠሩም፣ «4 ነጥቦች ያሉት መንገድ» ሲባል ይቆጠራሉ፤ ሁለቱም 3 መስመሮች ናቸው። ሁልጊዜ በመስመር ብዛት ቢጠይቁ ይቀላል።

«አጭሩን መንገድ ጻፍ» የሚለው ትእዛዝም መንገዱ አንድ ብቻ እንደሆነ ያስመስላል። 1ና 2፣ 1ና 3፣ 2ና 4፣ 3ና 4 ቢገናኙ ከ1 ወደ 4 የሚወስዱ ሁለት እኩል አጭር መንገዶች አሉ፤ በ2 በኩልና በ3 በኩል። «ከአጭሮቹ መንገዶች አንዱን ጻፍ» ይበሉ። መልሱን የሚያርመው ፕሮግራምም የሞዴሉን መልስ ከአንድ የተጻፈ መልስ ጋር ፊደል በፊደል አያወዳድር፦ መነሻውንና መድረሻውን፣ እያንዳንዱ እርምጃ በተሰጡት መስመሮች ውስጥ መኖሩን፣ በመጨረሻም የመስመሮቹ ብዛት እዚህ 2 መሆኑን ይመልከት። እንዲህ ካልሆነ በ3 በኩል የሄደው ትክክለኛ መልስ ስሕተት ተብሎ ሞዴሉ ይቀጣበታል።