ያረጀውን ልብስ ከመስጠታችሁ በፊት የዪን ሹዠንን ሻንጣዎች እዩ

በውጭ አገር ብዙ ዘመን ኖሬአለሁና አዲስ የሚመጡ የአገሬ ልጆች ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ይጠይቁኛል፤ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ግን ማንም ያልጠየቀኝን ልምከራችሁ። ዪን ሹዠን የምትባል ቻይናዊት ቀራፂ አለች። ሥራዋ በምትኖሩበት ከተማ ለእይታ መቅረቡን ከሰማችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እስከዚያው ፎቶግራፎቹን በኮምፒውተር ፈልጋችሁ አሳዩአቸው፤ በተለይ «ተንቀሳቃሽ ከተሞች» የሚባሉትን።

የጉዞ ሻንጣ ተከፍቶ ተቀምጧል። ውስጡ ከተማ ነው፤ ፎቁ፣ ማማው፣ ድልድዩ ሁሉ ከጨርቅ ተሰፍቶ ቆሟል። ጨርቁ ደግሞ የዚያችው ከተማ ነዋሪዎች ለብሰው የተዉት ልብስ ነው። ሐሳቡ የመጣላት አየር ማረፊያ ቆማ ሻንጣዋን ስትጠብቅ ነው። ከ2001 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ቤጂንግን፣ ሻንጋይን፣ ኒው ዮርክን፣ በርሊንንና ሌሎችንም ከተሞች እንዲህ ሰፍታለች። እያንዳንዱ ሻንጣ ተዘግቶ፣ እጀታው ተይዞ መሄድ የሚችል ነው። 23 ኪሎ እንዳያልፍ ሚዛን ላይ እያወጣ እያወረደ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሕዝብ ይህን ሥራ ለመረዳት የኪነ ጥበብ ትምህርት አያስፈልገውም።

ለምን ድንጋይና ነሐስ ትታ ልብስ መረጠች? ዪን በ1963 ቤጂንግ ተወለደች። በዚያ ዘመን ቻይና ውስጥ ጨርቅ የሚገዛው በኩፖን ነበር፤ የራሽኑ ሥርዓት ከ1954 እስከ 1983 ቆይቷል። አዲስ ልብስ ለአዲስ ዓመት ይጠበቃል፣ የትልቁ ልጅ ለታናሹ ይወርዳል፣ የተቀደደው ይጣፋል። እናቷ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ልጅቱም ከመርፌና ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር አደገች። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዘይት ቀለም ሥዕል ብትማርም እጇ የተመለሰው ወደዚያው ወደ ጨርቁ ነው። ቻይና ዛሬ ለዓለም ልብስ የምታመርት አገር መሆኗን አስቡና የዚህችን ሴት ሥራ እዩ፤ እሷ የምትፈልገው ሰው የለበሰውን፣ ላብ የነካውን ብቻ ነው።

ከሁሉ የበለጠ የያዘኝ በ1995 የሠራችው ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ለ30 ዓመታት የለበሰቻቸውን ልብሶች ሰበሰበች፤ አጣጥፋ ሰፋቻቸው፤ አባቷ በሠራው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ደረደረቻቸው፤ ከዚያም ሲሚንቶ አፈሰሰችባቸው። ልብሶቹ ከላይ በኩል ይታያሉ፣ ግን ከእንግዲህ ማንም አያወጣቸውም። ቤጂንግ ያን ጊዜ አሮጌ ሰፈሮቿን እያፈረሰች በሲሚንቶ የምትገነባበት ወቅት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከፈረሱ ቤቶች የተለቀመ የጣሪያ ጡብና የቤት ዕቃ በአዳራሽ ደርድራ የሲሚንቶ ዱቄት ነሰነሰችበት። ፒያሳን ወይም ካዛንቺስን ሊያዩ ሄደው ያደጉበትን ግቢ ያጡ ወገኖቻችን በዚህ ሥራ ፊት ዝም ብለው እንደሚቆሙ አልጠራጠርም። ለእነሱ የምለው፦ ከፈረሰው ቤት የወጣ ቁልፍ፣ የበር ቁጥር ወይም መጋረጃ በዘመድ እጅ ካለ ዛሬውኑ ደውላችሁ «አትጣሉት» በሉ።

አሁን ወደ ምክሬ ልግባ። በእኛ ልማድ ሰው ሲሞት ልብሱ ለነዳያን ይሰጣል። መልካም ልማድ ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ከመሰጠቱ በፊት አንድ ልብስ አስቀሩ፤ ያውም አዲሱንና ውዱን ሳይሆን ዘወትር የሚለበሰውን። የአባታችሁን የሥራ ካፖርት፣ የእናታችሁን ጥለቱ የደበዘዘ ነጠላ። በወረቀት ላይ የማን እንደሆነ፣ የት እንደተገዛ ወይም ማን እንደሸመነው፣ ምን ቀን ይለበስ እንደነበረ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ወረቀቱ ከሌለ ከአንድ ትውልድ በኋላ ልብሱ ሰልባጅ ነው።

እናታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ሌላ ዕድል አላችሁ፤ እዚህ ላይ የዪን ባለቤት የሶንግ ዶንግ ታሪክ ይጠቅማችኋል። እሱም የታወቀ የኪነ ጥበብ ሰው ነው። አባቱ በ2002 ሲሞቱ እናቱ ከሐዘናቸው መውጣት አቃታቸው፤ ቤቱም በዕቃ ተሞላ። የችግር ዘመን ያሳለፉ ሴት ናቸውና ምንም አይጥሉም፤ የጠርሙስ ክዳን፣ ያለቀ የጥርስ ሳሙና ቱቦ፣ ለልጆቻቸው ብለው ያጠራቀሙት የደረቀ የልብስ ሳሙና። ልጁ ግን ዕቃውን አውጥቶ አልጣለባቸውም። ዕቃውን አብረው አወጡ፣ አብረው ደረደሩ፣ እናትየው የእያንዳንዱን ታሪክ ተናገሩ። በ2005 ቤጂንግ ውስጥ ከ10,000 በላይ ዕቃዎች ለሕዝብ ቀረቡ፤ በ2009 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ታዩ። እናትየው ያረፉት በዚያው ዓመት ነው።

ስለዚህ እናታችሁ ሊጠይቋችሁ መጥተው ባዶ የእርጎ ዕቃና ፌስታል ሲያጠራቅሙ ብታዩ አትቆጡ። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው፤ ስልኩም ይቅዳ። ልጆቹ አማርኛ ባይችሉም እንኳ የአያታቸውን እጅና ድምፅ ያገኛሉ።

ቤይሩት፣ ሪያድና ዱባይ ለምትሠሩ እህቶቼ ግን ሌላ ነገር ልበል። በአንድ ሻንጣ ሄዳችሁ በአንድ ሻንጣ የምትመለሱ ብዙ ናችሁ፤ በዚያ ሻንጣ ውስጥ ለቤተሰብ የሚሆን ስጦታ እንጂ የራሳችሁ የሆነ ነገር የለም። ከአገር ስትወጡ የለበሳችሁትን ልብስ አትጣሉት። የሥራ ልብሱን ማየት የማትፈልግ ደግሞ ትተወው፤ ማንም ክፉ ቀኗን እንድታስቀምጥ አይገደድም።

ስለ አያያዙ በአጭሩ፦ ልብሱን አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። ጥጥ በፕላስቲክ ሲታፈን እርጥበት ይይዛል፣ ይሻግታል፤ በታጠበ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሉት። ሱፍ ከሆነ ብል ስለሚበላው በየጊዜው አውጥታችሁ አራግፉት። ፀሐይ ላይ አታቆዩት፣ ቀለሙን ይመጥጠዋል። ልጆቹ እንደ ዪን ከተማ መስፋት ከፈለጉ ከተቀመጠው ልብስ ላይ እንዳይቆርጡ፤ የራሳቸው የጠበባቸው ልብስ በየዓመቱ አለ፣ ከእሱ ይጀምሩ።