ስለ ኤዲት ካፕላን ጠይቁ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ማን ናት?
አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት፣ የአንጎል ጉዳትን በፈተና የምታጠና። እ.ኤ.አ. በ1924 ተወልዳ በ2009 አረፈች። ብዙውን ሥራዋን የሠራችው ቦስተን ነው።

ጥያቄ፦ ፈተናዎቿ ከሌላው በምን ይለያሉ?
ይሄን ጥያቄ ነው የምፈልገው! ሌላው ፈታኝ ነጥብ ይቆጥራል። እሷ ግን እጁ እንዴት እንደሚሠራ ታይ ነበር። አንጎላቸው ለተጎዳ ሁለት ሰዎች ባለ ቀለም ብሎክ ገጣጥመው ካሬ ሥዕል እንዲሠሩ ተሰጣቸው እንበል። አንዱ ካሬውን ራሱ ያፈርሰዋል። ሌላው ካሬውን ይጠብቅና ውስጡን ያዛባል። በነጥብ ሁለቱም ዜሮ። ግን የመጀመሪያው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከቀኝ አንጎል ነው፣ የሁለተኛው ከግራ። ካፕላን እያንዳንዷን እርምጃ ትመዘግብ የነበረው ለዚህ ነው። መልሱ ላይ እንዴት እንደተደረሰ ማየትን የተማረችው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሳይኮሎጂስቱ ሃይንዝ ቨርነር ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ነጥብ ሲሆን ነው አልዛይመር የሚባለው?
አሁን የጻፍኩትን አንብብ። ነጥብ ብቻውን በሽታ አይናገርም።

ጥያቄ፦ ሰዓት ሣሉ የሚባለውስ?
ክብ ተሠርቶ፣ ቁጥር ተሞልቶ፣ «11 ሰዓት ከ10 አድርጉት» ይባላል። «አሥር» የሚለው ቃል ትልቁን ዘንግ ወደ 10 ይጎትታል። ቦታው ግን 2 ላይ ነው። የፊት አንጎሉ የተጎዳ ሰው ጉተታውን መቋቋም ያቅተዋል።

አንዲት አባል፦ እናቴ ግን አሜሪካ ስትፈተን ትንሹን ዘንግ 5 ላይ አደረገችው። ተሳስታለች ተባለ። በኛ አቆጣጠር እኮ 11 ሰዓት እዚያው ነው!

ሌላ አባል፦ የኔ አባት 11 ላይ ነው የሣለው። ሰዓቱ ላይ የተጻፈው 11 አይደል?

አባሏ፦ አባትህ ስንት ዓመት እዚያ ኖረዋል? እናቴ ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ነው።

መልስ፦ በቃ፣ አትጣሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፈታኙ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ሳይጠይቅ ስህተት ብሎ ከመዘገበ፣ የጤነኛ ሰው መልስ በሽታ ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው። አስቀድማችሁ ንገሩት።

ጥያቄ፦ ፈተናውን አውርጄ እናቴን ቤት ልፈትናት?
አይሆንም። ሐኪም ዘንድ ውሰዳት።

ጥያቄ፦ አባቴ ይረሳል፣ ምን ይሻላል?
ምን ይረሳል? ከመቼ ጀምሮ? እንዲህ በደፈናው አይመለስም። አሁንም እላለሁ፣ ሐኪም ዘንድ።

ጥያቄ፦ ሥዕል እያዩ ስም መጥራት ላይ አያቴ የበረዶ ቤቱን «ጎጆ» አሉ። ወደቁ?
ይሄ ካፕላን ከባልደረቦቿ ጋር ያዘጋጀችው 60 ሥዕል ያለው ፈተና ነው። የበረዶ ቤት አይተው ለማያውቁ ሰው «ጎጆ» ጥሩ መልስ ነው። ይልቅ ሌሎቹን ሥዕሎች ተመልከቺ። የቃሉ መጀመሪያ ድምፅ ሲነገራቸው ስሙ መጣላቸው? ከመጣላቸው ቃሉ አልጠፋም፣ ማውጣቱ ነው የከበዳቸው። ፈታኙ ይህን መዝግቦት እንደሆነ ጠይቂው።