የልጅ ልጄ አሜሪካ ውስጥ ሶላቷን ልትተው ነው?

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ አሜሪካ ሄዳ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባች። «እዚያ ሃይማኖት ክልክል ነው» አሉኝ። እንቅልፍ አጣሁ። (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሩ እማማ! ክልከላው ትምህርት ቤቱን እንጂ ልጅቷን አይመለከትም። በፈረንጆቹ 1962 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ጸሎት አዘጋጅተው እንዳያስጸልዩ ወሰነ። በ1963 ደግሞ የየማለዳውን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ከለከለ። ይህ ለእርስዎ ልጅም ይጠቅማል፤ የሌላ እምነት ጸሎት አይጫንባትም። እሷ በእረፍት ሰዓቷ መስገድ ትችላለች። ሂጃቧን መልበስ፣ ረመዳንን መጾምም እንዲሁ። ስለ ሃይማኖቶች በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሊያስተምሯት ይችላሉ፤ ያ ስብከት አይደለም። የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ደሴ ስማር ከሙስሊም ልጅ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጫለሁ። በረመዳን ምሳዬን ከፊቷ አልበላም ነበር። ማንም አላዘዘኝም። የልጅዎ ጓደኞች ግን ረመዳንን ላያውቁት ይችላሉ። ስለዚህ ወላጆቿ ጾሙ ሳይገባ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያሳውቁ። በምሳ ሰዓት የምትቀመጥበትንና የምትሰግድበትን ጸጥ ያለ ክፍል አሁኑኑ ይጠይቁላት።